አልወርድም ያለው የሐዲድ አጣና

ተረት ልጀምር ነው። የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ጆሮውን ይስጠኝ፤ ሐዲድ ላይ የተቀመጠ ካለ ግን ቶሎ ይነሣ።

በአንድ አገር፣ ሰንበሌጥ በምትባል የባቡር ከተማ፣ ይርገዱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ ደግፌ ሸማኔ ነው። ደግፌ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። በእጁ ግን ይናገራል፤ እጁ ደግሞ እንደ መወርወሪያው ፈጣን ነው፤ ቀልድ የሚያውቅ እጅ ነው። ቤታቸው ከሐዲዱ ወዲህ ነው። ፈትል የሚያጥብበት ወንዝና ሸማ የሚሸጥበት ገበያ ከሐዲዱ ወዲያ ነው። ሐዲዱ ሰንበሌጥ ሲደርስ አንድ ጉብታ ዞሮ ይመጣል፤ ባቡሩም ከጉብታው ኋላ ብቅ የሚለው ድንገት ነው። ለሚሰማ ሰው ጡሩምባው አለለት። ደግፌስ ማን አለው? ይርገዱ አለችው። ሊሻገር ሲነሣ እንዝርቷን ትጥላለች፣ ትከተለዋለች፣ ክንዱን ይዛ ታሻግረዋለች። ሲመለስም እንዲሁ። አንድ ቀን ታማ ተኝታ ሳለ ብቻውን ወጣ፤ ባቡሩ የጋቢውን ጫፍ ከትከሻው ነጥቆት ሄደ። ያን ቀን ይርገዱ ባሏን በእጇ ብቻ ጠብቃ እንደማትዘልቀው ገባትና አለቀሰች።

የምትሻው ትንሽ ነገር ነው። መሻገሪያው ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ አጣና አለ። ባቡር ሲመጣ ወርዶ መንገዱን እንዲዘጋ የተሠራ ነው። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል፤ ለማየት ጆሮ አያስፈልግም። ነገር ግን አጣናው ከተተከለ ጀምሮ ወርዶ አያውቅም። ጫፉን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይውላል፣ ቀስሮ ያድራል። ይርገዱ የፈለገችው ይህ አጣና እንዲወርድላት ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

መጀመሪያ ወደ ባቡሩ ሄደች። ባቡሩ ጣቢያው ውስጥ ቆሞ ዕቃ ያራግፋል።

«ባቡር ሆይ፣ ባሌ አይሰማም። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ ቆም በልልኝ» አለችው።

«አልቆምም» አለ ባቡሩ። «እኔ ረጅም ነኝ፣ እኔ ከባድ ነኝ። ዛሬ ቁም ብትይኝ የምቆመው ነገ ነው። ይልቅ ሰዉን አስቁሚው። ለዚያ የተተከለ አጣና አለልሽ፤ ሂጂና እሱን ለምኚው።»

ይርገዱ ወደ አጣናው ሄደች። «አጣና ሆይ፣ ባቡሩ አልቆምም አለ። እባክህ አንተ ውረድልኝ» አለችው።

«አልወርድም» አለ አጣናው። «ማንም ሳይጎትተው የሚወርድ ዝናብ ብቻ ነው። የእኔ ገመድ በዘበኛው እጅ ነው፤ ሂጂና እሱን ለምኚው።»

ይርገዱ ወደ ዘበኛው ሄደች። ዘበኛው ጋሽ ቸሩ ይባላል፤ በቆላ ፀሐይ ካፖርት ለብሶ የሚውል ሰው ነው። «ጋሽ ቸሩ፣ ባቡሩ አልቆምም አለ፣ አጣናው አልወርድም አለ። እባክህ ገመዱን ጎትትልኝ» አለችው።

«አልጎትትም» አለ ጋሽ ቸሩ። «እጄ ደህና ነው፤ ገመዱም ደህና ነው። ግን የጣቢያው ሹም ጎትት ሳይለኝ ብጎትት ማን አዘዘህ ይሉኛል። ማን አዘዘህ ስንቱን ዘበኛ ከእንጀራው እንዳፈናቀለ አንቺ አታውቂም፣ ይርገዱ። ሹሙን ለምኚው።»

እዚህ ላይ የይርገዱ ትዕግሥት አለቀ። ሂጂና ለምኚው፣ ሂጂና ለምኚው፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ወገቧ ላይ የተጠመጠመችውን መቀነት መፍታት ጀመረች።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በሰንበሌጥ የቆየ ልማድ አለ። የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ልብሱን ከበዳዩ ልብስ ጋር ከቋጠረ፣ ሁለቱ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አይላቀቁም። ቁራኛ ይባላል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይለዋል። ቋጠሮውን ቀድሞ የፈታ ሰው ግን ጥፋቴ ነው ብሎ አመነ ማለት ነው። ስለዚህ በሰንበሌጥ ቋጠሮ የሚፈታ ሰው አይገኝም። የይርገዱ መቀነት ደግሞ ደግፌ የሸመነላት ናት፤ ሸማኔ ሚስቱን ሲወድ መቀነቷ አያልቅም።

«በሕግ አምላክ፣ ጋሽ ቸሩ» አለችና መቀነቷን ከካፖርቱ ቀበቶ ጋር ቋጠረች። «ሹሙ ይፍረደን።»

«ቋጥሪ፣ ቋጥሪ» አለ ጋሽ ቸሩ። «እኔ ምን አጠፋሁ።»

ሁለቱ ተያይዘው ወደ ጣቢያው ሹም ገቡ። ሹሙ ባርኔጣውን በክርኑ እየወለወለ ነበር።

«ጌታዬ፣ ዳኛ ሁኑን» አለች ይርገዱ። «ባቡሩ አልቆምም አለ፣ አጣናው አልወርድም አለ፣ ጋሽ ቸሩ አልጎትትም አለ። ጎትት ብለው ይዘዙልኝ።»

«አላዝዝም» አለ ሹሙ። «የእኔ ሥራ ባቡር ገባ፣ ባቡር ወጣ ማለት ነው። አጣናው ሲወርድ የሚዘጋው የማንን መንገድ ነው? የወረዳውን። የወረዳን መንገድ ብዘጋ ወረዳው እኔን ይዘጋኛል። እሱ ይፈርድልዎታል፣ እናቴ።»

«እንግዲያው በሕግ አምላክ» አለች ይርገዱ፤ ሹሙንም ቋጠረችው። ሹሙ ባርኔጣውን ደፋ፤ ሰው ፊት ታስሮ ለመሄድ እንኳ ወግ አለው። ይርገዱ ፊት፣ ዘበኛው ከኋላዋ፣ ሹሙ ከዘበኛው ኋላ ሆነው መንገድ ገቡ። ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያይ ጀመር።

ወረዳው ቢሮ ደረሱ። የወረዳው ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ከተማው ግን በወንበሩ «አቶ ወረዳ» ይለዋል፤ እኔም ከከተማው አልለይም።

«አቶ ወረዳ፣ ዳኛ ሁኑን» አለች ይርገዱ። «ባቡሩ አልቆምም አለ፣ አጣናው አልወርድም አለ፣ ዘበኛው አልጎትትም አለ፣ ሹሙ አላዝዝም አለ። ይፈርሙና ይዘዝ።»

«አልፈርምም» አለ ወረዳው። «መንገዱ የእኔ ነው፤ አልክድም። መንገዱን ቆርጦ የሚያልፈው ሐዲድ ግን የእኔ አይደለም። ሐዲድ ከወረዳ ወረዳ ይዘልላል። ዛሬ እኔ ብፈርም ነገ የጎረቤቴ ወረዳ ይህ ደግሞ ማን ሆኖ ነው ይለኛል። የወረዳዎች ሁሉ የበላይ ክልሉ ነው። እሱ ይፍረድ።»

«በሕግ አምላክ።»

«ይሰሩኝ፣ እናቴ፤ እኔ ንጹሕ ነኝ» አለና ወገቡን ሰጠ። ንጹሕ ነኝ ሲል ሌሎቹ ሁለቱ ቅር አላቸው፤ ምክንያቱም እነሱም ንጹሓን ነበሩ።

ወደ ክልሉ ከተማ የሄዱት በአውቶቡስ ነው። አራቱ በኋላ ወንበር ተደረደሩ። ወረዳው እግሬን ላፍታታ ብሎ ሲወርድ አራቱም ወረዱ። ሹሙ ውሃ ሲጠማው አራቱም ውሃ ፍለጋ ዞሩ። ይርገዱ በመስኮት እያየች የምታስበው አንድ ነገር ነበር። ከቤት ስትወጣ ደግፌን በሁለት እጇ «እኔ እስክመጣ እንዳትሻገር» ብላዋለች፤ እሱም ደረቱን መትቶ ምሏል። ደግፌ መሐላውን ይጠብቃል። ቢሆንም ሰው ነውና ልቧ አላረፈም።

የክልሉ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ተያይዘው ደረጃውን ወጡ። ክልሉ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እንግዳ ተቀባይ ሰው ነው። አራት ሰው በአንድ መቀነት ታስሮ ሲያይ አልደነገጠም፤ ቢሮው ከዚህ የባሰ ጉዳይ አይቷል።

«አቶ ክልል፣ ዳኛ ሁኑን» አለች ይርገዱ። «ባቡሩ አልቆምም አለ፣ አጣናው አልወርድም አለ፣ ዘበኛው አልጎትትም አለ፣ ሹሙ አላዝዝም አለ፣ ወረዳው አልፈርምም አለ። ይህን ነገር ይንኩልኝ።»

«አልነካም» አለ ክልሉ። «ቁጭ ይበሉና ልንገርዎት። ይህ ሐዲድ ከጎረቤት ክልል ይገባል፣ በእኔ በኩል ያልፋል፣ ወደ ሌላው ጎረቤት ይወጣል። እኔ አጣና ይውረድ ብል፣ አንደኛው ጎረቤቴ አጣናውን ነቅላችሁ ደወል ስቀሉ ቢል፣ ሌላው ደግሞ የለም ባንዲራ ይውለብለብ ቢል፣ የባቡሩ ነጂ የስንቱን ሕግ ሸምድዶ ይነዳል? የሐዲድ ደህንነት የፌዴራል ነው። እኔ ብነካ የማይነካውን ነካ እባላለሁ።»

ይርገዱ ነገሩን አመላለሰችው። እውነት መሰላት። ነገር ግን እውነት መሆኑ ብቻውን ደግፌን አያሻግረውም።

«እንግዲያው ጎንበስ ይበሉ» አለችው። «በሕግ አምላክ።»

ክልሉ እየሳቀ ጎንበስ አለ። «ለእኔ የሚሆን መቀነት ተርፏል?» ብሎ ጠየቀ። ተርፏል። ከእሱም ወዲያ ተርፏል።

ወደ ዋናው ከተማ በባቡር ሄዱ። ያው ባቡር ነው። መንገዱን ሙሉ «ነግሬሽ ነበር፣ ነግሬሽ ነበር፣ ነግሬሽ ነበር» እያለ ወሰዳቸው።

የፌዴራሉ ቢሮ ረጅም ፎቅ ነው። ፌዴራሉ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከጀርባው ያገሩ ካርታ ተሰቅሏል። በካርታው ላይ ክልሎቹ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ናቸው፤ ሐዲዱ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀይ ክር ነው።

«አቶ ፌዴራል፣ ዳኛ ሁኑን» አለች ይርገዱ። «ባቡሩ አልቆምም አለ፣ አጣናው አልወርድም አለ፣ ዘበኛው አልጎትትም አለ፣ ሹሙ አላዝዝም አለ፣ ወረዳው አልፈርምም አለ፣ ክልሉ አልነካም አለ። ይህ ሐዲድ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ፌዴራሉ።

«ባቡሩስ?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ይግቡበትና አጣናው ይውረድ።»

«አልገባም» አለ ፌዴራሉ። «ሐዲዱ ድንበር ሲሻገር እኔ አለሁ። ክልል ግቢ ውስጥ ገብቶ ሲተኛ ግን የሰው ግቢ ነው፣ እናቴ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። ዛሬ ስለ አንድ አጣና ብገባ ነገ መሬታችንን ሊወስድብን መጣ ይሉኛል።»

«እንላለን» አለ ክልሉ፤ እሱ መዋሸት አይወድም።

ይርገዱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሷ ስትቀመጥ አራቱም ተቀመጡ። ከዚህ በላይ ሌላ ቢሮ የለም፤ ፎቁም አልቋል። ባሏን በእጆቿ ይዛ ያሻገረችባቸው ዓመታት ሁሉ ጉልበቷ ላይ የተጫኑ መሰላት። ደከማት፤ ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ ፈራች። እንደዚህ ተያይዘው ቢመለሱ አጣናው ያው ሰማይ ሰማይ እያየ እንደሚጠብቃት ታወቃት።

ከዚያ ቀና አለች። «ሁለት ሰዎች በድንበር ሲካሰሱ ዳኛው ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች።

«ቦታውን ያያል» አሉ ወረዳውና ክልሉ አንድ ላይ። ይህንማ ማን ያጣዋል።

«እናንተ ሁላችሁ ቦታውን ሳታዩ ነው እምቢ ያላችሁኝ። አቶ ፌዴራል፣ ይነሡና ቦታውን ይዩ። ከዚያ በኋላ አልገባም ቢሉኝ መቀነቴን ራሴ ፈትቼ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እላለሁ።»

ፌዴራሉ ጥቂት አሰበ። «በእንግድነት ከሆነ እመጣለሁ» አለ። «እጄን ግን ከኪሴ አላወጣም።»

«ኪስዎ ውስጥ ይሁን። በሕግ አምላክ» አለችና ቋጠረችው።

እንግዲህ ስድስት ሆኑ። ይርገዱ፣ ዘበኛው፣ ሹሙ፣ ወረዳው፣ ክልሉ፣ በመጨረሻ ፌዴራሉ። ሰንበሌጥ ጣቢያ ወርደው በሐዲዱ ዳር በእግር ወደ መሻገሪያው ሄዱ። የሰንበሌጥ ሰው ወጥቶ ያያል፤ ይስቃል፤ ይከተላል። ይርገዱም ሲጠይቋት እየሄደች ትመልሳለች፦ «ባቡሩ አልቆምም አለ፣ አጣናው አልወርድም አለ፣ ዘበኛው አልጎትትም አለ፣ ሹሙ አላዝዝም አለ፣ ወረዳው አልፈርምም አለ፣ ክልሉ አልነካም አለ፣ ፌዴራሉ አልገባም አለ።» ሕዝቡ ደግሞ ነገሩ ጣመውና ከኋላ ከኋላ ይቀበላት ጀመር።

መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ደግፌ ከሐዲዱ ማዶ ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ሚስቱን አየ። እኔ እስክመጣ እንዳትሻገር ብላው የለ? ይኸው መጣች። ደግፌ ደስ ብሎት ወደ እሷ መጣ። ሐዲዱ መሐል ሲደርስ በመቀነት የታሰሩትን አምስት ወንዶች አየና ቆመ። የቆመው ለመናገር ነው፤ እሱ የሚናገረው ቆሞ፣ በሁለት እጁ ነውና። «ምንድን ናቸው?» አለ በእጁ። «ሚዜዎች ናቸው? ሳልሰማ ልታገቢ ነው?» አለና በራሱ ቀልድ ይስቅ ጀመር። ዓይኑ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል። የይርገዱን እጅ አላየም።

በዚህ ጊዜ ከጉብታው ኋላ ጡሩምባ ተሰማ።

ሁሉም ሰሙ። ደግፌ ብቻ አልሰማም። ሕዝቡ ጮኸ፤ ለማን ይጮኻል? ይርገዱ ተወረወረች፤ መቀነቷ መልሳ ጎተተቻት። ይርገዱ ልሩጥ አለች፣ ዘበኛው ያዛት። ዘበኛው ልሩጥ አለ፣ ሹሙ ያዘው። ሹሙ ልሩጥ አለ፣ ወረዳው ያዘው። ወረዳው ልሩጥ አለ፣ ክልሉ ያዘው። ክልሉ ልሩጥ አለ፣ ፌዴራሉ ያዘው። ፌዴራሉ ሁለት እግሩን ተክሎ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ እንደቆመ ነው። የሸማኔ ቋጠሮ በዚያች ቅጽበት አይፈታም፤ ቢፈታም ማን ቀድሞ ሊፈታ?

«ይህ የክልሉ መሬት ነው፤ እኔ እንግዳ...» ብሎ ጀመረ ፌዴራሉ።

አልጨረሰውም። ቀና ሲል ሐዲዱ መሐል የሚስቅ ሰው አየ። ከሰውየው ኋላ የባቡሩ ግንባር እየሰፋ ይመጣል። የፌዴራሉ እጅ ከኪሱ ወጣ።

«ሩጡ» አለ።

ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው ከጡሩምባው በላይ ተሰማ። ክልሉ ማን ፈቀደ አላለም። ወረዳው ፊርማ አልጠየቀም። ሹሙ ባርኔጣውን አልያዘም። ዘበኛው ማን አዘዘህ የሚለውን አላስታወሰም። ፌዴራሉ ሮጠ፣ ክልሉ ሮጠ፣ ወረዳው ሮጠ፣ ሹሙ ሮጠ፣ ዘበኛው ሮጠ፣ ይርገዱ ሐዲዱ ላይ ደርሳ ባሏን በሁለት ክንዷ ወገቡን ያዘች።

«ሳቡ» አለ ፌዴራሉ።

ፌዴራሉ ክልሉን ሳበ፣ ክልሉ ወረዳውን ሳበ፣ ወረዳው ሹሙን ሳበ፣ ሹሙ ዘበኛውን ሳበ፣ ዘበኛው ይርገዱን ሳበ፣ ይርገዱ ደግፌን ሳበች። ሰባቱም አንዱ ባንዱ ላይ ወደ ዳር ወደቁ። ባቡሩ በእግራቸው ጫፍ አለፈ። ነፋሱ የሹሙን ባርኔጣ ወሰደው፤ የደግፌ አንድ ጫማ ሐዲዱ ላይ ቀርቶ ዱቄት ሆነ።

ደግፌ ተነሥቶ ጫማውን አየ። ከዚያ የሚስቱን ፊት አየ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ይርገዱ ደረቱን በጡጫ መታችው፤ ደግማ መታችው፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ወረዳው ፊቱን አዞረ፤ ጋሽ ቸሩ በካፖርቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

ይርገዱ እንባዋን ስትጨርስ ወደ መቀነቱ መጨረሻ ዞረች።

«አሁን ሩጡ ያለው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ፌዴራሉ።

«የት ቆመው?»

ፌዴራሉ ወደ እግሩ ተመለከተ። እግሩ ሥር የሰንበሌጥ አቧራ ነው። «ክልሉ ውስጥ» አለ።

«አቶ ክልል፣ ተቀይመዋል?»

ክልሉ ገና መሬት ላይ ተዘርግቶ ያለከልካል። «ኧረ እናቴ፣ ምን ቅያሜ አለ» አለ። «እኔ ሩጥ የሚለኝ ሰው ነበር ያጣሁት።»

«ወረዳውስ?»

«እኔ ሰውየው ባይሞት ነው የምወደው» አለ ወረዳው። «የማንም መሬት ይሁን።»

ፌዴራሉ አቧራውን ሳያራግፍ ተነሣ። ፌዴራሉ ወገቡ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣቱ ፈለገና መፍታት ጀመረ። ሰንበሌጦች እርስ በርስ ተያዩ። በዚያች ከተማ ሹም ቋጠሮ ሲፈታ ያየ ሰው የለም። ፌዴራሉ ፈትቶ ጨረሰና የመቀነቱን ጫፍ በሁለት እጁ ለይርገዱ አቀረበላት።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አለ። «መሬቱ የክልሉ ነው፤ አልነካውም። መንገዱ የወረዳው ነው፤ አልወስድበትም። ወንዙም ገበያውም የባለቤቶቹ ነው። ሐዲዱ ላይ ሰው እንዳይሞት መጠበቅ ግን የእኔ ነው። ድንበር ላይም የእኔ ነው፤ ክልል ውስጥም የእኔ ነው፤ በዚህ ጉብታ ሥርም የእኔ ነው። ባቡሩ ክልል በገባ ቁጥር ሌላ ባቡር አይሆንም፤ ሕጉም ሌላ ሕግ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አጣና ብቻ ሳይሆን ሐዲዱ ባለፈበት አገር ሁሉ፣ ሰው በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ፣ ባቡር ሲመጣ አጣና ይውረድ።»

ቀጥሎ የሆነውን ቶሎ ቶሎ ነው የምናገረው፤ ቶሎ ቶሎ ነውና የሆነው። ፌዴራሉ ገባ፣ ክልሉ ነካ፣ ወረዳው ፈረመ፣ ሹሙ አዘዘ፣ ዘበኛው ጎተተ፣ አጣናው ወረደ። ዘበኛው ገመዱን ሲስብ አጣናው አንዴ አቃሰተ፣ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። ሰንበሌጥ በእልልታ ተናወጠች። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ፣ ክልሉ ከማንም በላይ ጮኸ። የማይሰማው ደግፌ ብቻ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር፤ ግን የሰዉን አፍ አይቶ እሱም እጁን ወደ ላይ አነሣ። ይርገዱ መቀነቷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ስትጠመጥም ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀባት፤ ሁለቱንም አልከለከለቻቸውም።

በማግሥቱ ደግፌ ፈትሉን ሊያጥብ ወጣ። ይርገዱ ቀድማው ተሻግራ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ ክንዱን አልያዘችም። ጡሩምባው ተነፋ። ሹሙ አዘዘ፣ ዘበኛው ጎተተ፣ አጣናው ወረደ። ደግፌ ቀዩንና ነጩን አየ፣ ቆመ፣ ፈትሉን መሬት አኑሮ ክርኑን አጣናው ላይ አስደገፈ። ባቡሩ አልቆምም ብሎ ነበር፤ አልቆመምም። እየተንጎማለለ አለፈ፤ የፈራውም ሰው አልነበረም። አጣናው ተነሣ። ደግፌ ፈትሉን አንሥቶ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ እግር ተሻገረና ሚስቱ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ብቻዬን መጣሁ» አላት በእጁ።

«አየሁህ» አለችው።

የእኔም ተረት ሐዲዱን ተሻግራ ከእናንተ ዘንድ ደርሳለች፤ እናንተ ደግሞ ግራ ቀኝ አይታችሁ ለሌላው አሻግሯት።